ሐረጎን ለሚወርድ፣ ዋልካ ለሚገባ፦ ለዕለት መኪና ዲፍሎክ እንዴት ይመረጣል?

ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ጠዋት በሁለቱ መሃል ያለውን ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣዋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዘመድ ጥየቃ አለ። ወደ ኩታበር፣ ወደ ተንታ፣ አንዳንዴም ወደ ወረ ኢሉ። መኪናዬ አንዲት ናት። የከተማውንም የገጠሩንም የምትችለው እሷው ናት።

አንድ ሐምሌ ላይ ከኩታበር ወጣ ብሎ አንዲት ቦይ በሰያፍ ስሻገር ቆመችብኝ። ፎርዊል አስገብቼ ነበር። ነዳጅ ስሰጣት የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጎማ ብቻ ይሽከረከራሉ። ወርጄ አየሁ። የኋላ ቀኙ ጎማ መሬት አይነካም፤ በሥሩ እጄን አሳለፍኩ። የኋላ ግራው ግን ደረቅ ድንጋይ ላይ ጉብ ብሏል። ጥርሱ ውስጥ ጭቃ እንኳ የለም። እሱ ሩብ ዙር ቢዞር መውጣቴ ነበር። ንቅንቅ አላለም። ከማሳ የመጡ ሦስት ሰዎች "አብሽር፣ ትወጣለች" እያሉ ድንጋይ ደርድረው፣ ገፍተው አወጡኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲፍሎክ፣ ማለትም የዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ አስገባለሁ አልኩ። ለመምረጥ ግን ስምንት ወር ወሰደብኝ። የሚሰጠኝ ምክር በሙሉ ስለ ጭቃው ነበር። ስለ ሐረጎ የሚነግረኝ አልነበረም። እኔ ደግሞ በሳምንት አስር ጊዜ የምነዳው ሐረጎን እንጂ ያቺን ቦይ አይደለም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንደኔ በአንድ መኪና ሁለት ዓይነት መንገድ ለሚውል ሰው ነው።

1. መጀመሪያ የዲፈረንሻሉ ሥራ ይግባችሁ

መኪና ስትታጠፍ የውጪኛው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ የውስጠኛው አጭር። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ቢታሰሩ አንዱ እየተጎተተ ይንሸራተታል። ዲፈረንሻል የገባው ሁለቱን ለማስታረቅ ነው። በመሃሉ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳሉ። ጉልበቱን ግን ሁልጊዜ እኩል ነው የሚያካፍሉት።

ችግሩ ያለው "እኩል" የሚለው ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ለመዞር ጉልበት አይፈልግም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ላለው ጎማም የሚደርሰው ያችው ኢምንት ጉልበት ናት። ብዙ ሰው "ጉልበቱ ሁሉ ወደሚሽከረከረው ሄደ" ይላል። አይደለም። ሁለቱም እኩል አጡ።

"ፎርዊል እያለኝስ?" ትሉ ይሆናል። ፎርዊል ስታስገቡ የሚተሳሰሩት የፊትና የኋላ አክስሎች (ግራና ቀኝ ጎማ የተገጠመባቸው ዘንጎች) ናቸው። በየአክስሉ ውስጥ ያሉት ግራና ቀኝ አልታሰሩም። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ መያዣ ካጡ መኪናዋ ትቆማለች፤ እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ዲፍሎክ ግራና ቀኙን ጎማ አንድ ላይ ያስራል። አንዱ ካልዞረ ሌላውም አይዞርም።

2. ገንዘብ ሳታወጡ ያላችሁን እወቁ

ከፋብሪካ ዲፍሎክ ወይም ኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይፈጥን በከፊል የሚይዝ ዲፈረንሻል) ይዘው የመጡ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች አሉ። መኪናዋ ሁለት ሦስት እጅ ከቀያየረች ግን የአሁኑ ባለቤት ላያውቅ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የአክስል ሥዕልና የኤክስ ምልክት ያለበት ማብሪያ ፈልጉ። የቶዮታ መለያ ሰሌዳ ላይም የአክስል ኮድ አለ። ኮዱን ለሚያውቅ የመለዋወጫ ሻጭ ብታሳዩት የዲፈረንሻሉን መጠን፣ ሬሾና ዓይነት ይነግራችኋል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራም አለ። ሜዳ ላይ አቁሙ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። የኋላ አክስሉን በሁለት ጠንካራ መቆሚያ ላይ አንሱ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አሁን አንዱን የኋላ ጎማ በእጃችሁ አዙሩ። ሌላው በቀላሉ ወደ ተቃራኒው ከዞረ ተራ ክፍት ዲፈረንሻል ነው። እንቢ ካለ ወይም በብዙ ትግል ከዞረ ውስጡ ኤልኤስዲ ወይም ሌላ ነገር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ኤልኤስዲ ወይም ሎክ ያላት መኪና አንድ የኋላ ጎማዋ ብቻ በክሪክ ተነስቶ እያለ ሞተር አስነስታችሁ ማርሽ እንዳታስገቡ። መሬት ላይ ያለው ጎማ ይነዳል፣ መኪናዋም ከክሪኩ ላይ ትወርዳለች። ከሥሯ ሰው ካለ መዘዙን ለናንተ ትቻለሁ።

የፋብሪካ ሎክ ካገኛችሁ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ። የቶዮታው በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚሠራው። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ሞተር ውሃ ገብቶበት ይደርቃል። ጠጠር መንገድ ላይ ማብሪያውን አብሩና በዝግታ ቀጥ ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ገና አልተቆለፈም። በርቶ ሲረጋ ተቆልፏል። ሲያበራና ሲያጠፋ ውሎ የማይረጋ ከሆነ ሞተሩን አስፈትቶ ማጽዳት ወይም መቀየር አዲስ ሎክ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

3. ሳምንታችሁን ጻፉ

አንድ ወረቀት ያዙና ባለፈው ወር የነዳችሁትን መንገድ ጻፉ። አስፋልት ስንት ቀን፣ ፒስታ (የጠጠር መንገድ) ስንት ቀን፣ ዋልካ (ጥቁር ጭቃ) ስንት ቀን። የኔ ሃያ ምናምን ቀን አስፋልት ሆኖ፣ ጭቃ የገባሁት ሦስት ቀን ነበር። ከሦስቱም በእውነት ሎክ የፈለግሁት ምናልባት አሥር ደቂቃ ነው። ይህ ቁጥር ከማንም መካኒክ ምክር በላይ ይመራችኋል።

4. ዓይነቶቹን በሐረጎ መዝኗቸው

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ያውም በጥምዝምዝ። ክረምት ላይ ጉሙ ከፊታችሁ ያለውን የጭነት መኪና መብራት እንኳ ይውጠዋል። አስፋልቱ ላይ ዝናብ፣ የፈሰሰ ናፍጣና ከዳገቱ የወረደ አፈር ይቀላቀላል። እንግዲህ እያንዳንዱን ዓይነት እዚህ መታጠፊያ ላይ አስቡት።

የተበየደ ዲፈረንሻል። አንድ መካኒክ ትንንሾቹን ጥርሶች በብየዳ አጣብቆ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። "ርካሽ ነው፣ አይበላሽም" አለኝ። ርካሽነቱ እውነት ነው። ግን ሁለቱ ጎማዎች ዕድሜ ልካቸውን ታስረው ይቀራሉ። በየመታጠፊያው ጎማው ይፋቃል፣ አክስሉ ይጠመዘዛል። እርጥብ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የኋላው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፣ እናንተ መታጠፍ ትፈልጋላችሁ። ልጆቻችሁን ጭናችሁ በምትሄዱበት መኪና ላይ ይህን አታድርጉ። ብየዳው ራሱ ተሰብሮ ቁራጩ በጥርሶቹ መሃል ከገባ አክስሉ በአንድ ጊዜ ሊነክስ ይችላል።

አውቶማቲክ ሎከር። ዲትሮይት ሎከር የሚባለው ታዋቂው ነው። በነባሩ ቤት ውስጥ ትንንሾቹን ጥርሶች ብቻ ተክተው የሚገቡ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ። ማብሪያ የላቸውም። ነዳጅ ስትሰጡ ይቆልፋሉ፤ ስትታጠፉ የውጪኛው ጎማ ቀድሞ ሲዞር እሱን ይለቁታል። ጭቃ ላይ ግሩም ናቸው። ምንም መንካት የለባችሁም፣ አየር የለ፣ ሽቦ የለ። ግን መታጠፊያ መሃል ላይ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ሸክሙ ከጎማ ወደ ጎማ ይዘላል፣ መኪናዋም ከወገቧ ትንሽ ትወዛወዛለች። ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንዳንዴ ድው የሚል ድምፅ ያሰማል። በካምቢዮ በሚነዳና አጭር በሆነ መኪና ላይ ይብሳል። የለመደው ሹፌር ይችለዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ያልለመደው ነው። መኪናዬን ባለቤቴም ትነዳለች፣ ወንድሜም ይዋሳል። በሐረጎ ጉም ውስጥ መኪናዋ በራሷ ሐሳቧን እንድትቀይርባቸው አልፈልግም።

ኤልኤስዲ። ሁለት ቤተሰብ ነው። አንደኛው በፍሪሲዮን ሳህኖች የሚሠራው ነው። አንዱ ጎማ ሲፈጥን ሳህኖቹ ተፋትገው ይይዙታል። ሳህን ስለሆነ ያልቃል፣ ካለቀ ደግሞ ተራ ዲፈረንሻል ይሆናል። ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደች መኪና ላይ "ኤልኤስዲ አላት" ሲሏችሁ "ነበራት" ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ለኤልኤስዲ የተሠራ ዘይትም ይፈልጋል። ሁለተኛው በጥርስ የሚሠራው ነው። ቶርሰን የሚባለው የዚህ ወገን ነው፤ ቨርነን ግሊስማን የተባለ አሜሪካዊ በ1958 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው። ሳህን ስለሌለው አያልቅም ማለት ይቻላል። አስፋልት ላይ መኖሩም አይታወቅም፣ ለፒስታ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ድክመቱ አንድ ነው። ደካማው ጎማ የያዘውን ጉልበት አባዝቶ ነው ለሌላው የሚሰጠው። ደካማው ጎማ አየር ላይ ከሆነ የሚባዛ ነገር የለም። ያኔ ፍሬን ቀስ ብሎ መርገጥ ይረዳል፤ ፍሬኑ የሚሽከረከረውን ጎማ ሲይዘው ለሌላው የሚተርፍ ጉልበት ይፈጠራል።

በፍላጎት የሚቆለፍ። ሳይቆለፍ ተራ ዲፈረንሻል ነው፤ ምንም ለውጥ አይሰማችሁም። ማብሪያውን ስትነኩ ሙሉ በሙሉ ይቆልፋል። ለሐረጎም ለዋልካም መልስ ያለው ይህ ብቻ ነው፤ እኔም የመረጥኩት እሱን ነው። ከሁሉም ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን ያን አሥር ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ከቀረው ወር ላይ ደግሞ ምንም አይወስድባችሁም።

በውስጡ የአየርና የኤሌክትሪክ አለ። በአየሩ ስሙ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ውስጥ የተመሠረተው የአውስትራሊያው ኤአርቢ ነው። ትንሽ ኮምፕሬሰር በቀጭን ቱቦ አየር ወደ ዲፈረንሻሉ ይልካል። ቱቦው ቢቆረጥ ሎኩ ይከፈታል፣ መኪናዋ በሰላም ቤት ትገባለች። በዚያው ኮምፕሬሰር ጎማ መንፋት የሚቻልበት አማራጭም አለ፤ ለገጠር ተጓዥ ይህ ብቻውን ግማሽ ምክንያት ነው። ጣጣው የአየር መፍሰስ ነው፣ በቱቦም ሆነ ውስጥ ባለው የላስቲክ ቀለበት በኩል። የኤሌክትሪኩ ቱቦ የለውም፣ ሽቦ ብቻ ነው። በማግኔት የሚይዘው ዓይነት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይለቃል። የቶዮታ ፋብሪካው ግን ሞተሩ ሹካ ገፍቶ ስለሚቆልፍ፣ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በነበረበት ይቀራል። ተቆልፎ ከሆነ ተቆልፎ ነው።

አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ ኤሌክትሮኒክስ ይኖራችኋል። እሱ በደንብ ከሠራ ለብዙ ሰው ይበቃል። መጀመሪያ አንዲት ቦይ በሰያፍ እየተሻገራችሁ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ሳታነሱ ፈትኑት። ብዙ ሰው ጎማው ሲሽከረከር ይደነግጥና ነዳጁን ይለቃል፤ ሲስተሙ ግን የሚሠራው ሲሽከረከር ነው።

5. ፊት ወይስ ኋላ?

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ኋላውን። ዳገት ስትወጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሬት የሚይዘውም እዚያ ያለው ጎማ ነው። የፊት ሎክ መሪውን ያከብደዋል፤ መሪ ተጠምዝዞ ነዳጅ ከተሰጠ ደግሞ የፊት አክስሉን መጋጠሚያ ይሰብራል።

አንድ ለየት ያለ ነገር ግን አለ። የፊት ጎማችሁ ሃብ (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘው መሃሉ ላይ ያለው ክፍል) በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ ርካሹን አውቶማቲክ ሎከር ፊት ላይ ማስገባት ትችላላችሁ። አስፋልት ላይ ሃቡ ክፍት ስለሆነ ሎከሩ ምንም አይነካም። ገንዘብ ላጠረው ሰው ከኋላ አውቶማቲክ ይልቅ ይህን እመክራለሁ።

6. ከሎክ በፊት ጎማ

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ። የወሎን ዋልካ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጫማችሁ ላይ ተጣብቆ እግራችሁን እንደሚያከብደው ሁሉ የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል። ጥርሱ የሞላ ጎማ ለስላሳ ጎማ ነው። ዲፍሎክ ሁለት ለስላሳ ጎማዎችን አብሮ ከማሽከርከር በቀር ምን ያደርጋል?

ይባስ ብሎ መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ሎኩ ሊጎዳችሁ ይችላል። ክፍት ዲፈረንሻል ላይ አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ የመኪናዋን ወገብ ይይዛል። ሲቆለፍ ሁለቱም ይሽከረከራሉ፣ የሚይዝ አይኖርም፤ የኋላው ወደ ቦዩ ወይም ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ጭቃውን የሚተፋ ጎማ ይቅደም። ቀላል ጭነት ከሆነ ጭቃ ውስጥ አየሩን ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ማውረድም ብዙ ይረዳል። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ንፉ።

7. ዕቃው ከመኪናችሁ ጋር ይግጠም

ሻጭ "የሃይሉክስ ነው" ሲላችሁ አይበቃም። ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ የኮሮናው ስፋት፣ ማለትም የትልቁ ጥርስ። ብዙ ሃይሉክስ ላይ የኋላው 8 ኢንች ነው፣ የላንድክሩዘሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 9.5 ኢንች ነው። ሁለተኛ የአክስሉ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች ብዛት። ሦስተኛ ሬሾው፣ ማለትም የኮሮናው ጥርስ ብዛት እሱን ለሚያዞረው ትንሽ ጥርስ፣ ለፒኞኑ፣ ሲካፈል።

ሬሾው በተለይ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ለምትገዙ ወሳኝ ነው። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካለው ሬሾው 4.1 ነው። ቁጠሩት፣ በእጃችሁ እያስነካችሁ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ በቾክ ምልክት አድርጋችሁ። የኋላው ከፊተኛው ከተለየ ፎርዊል ባስገባችሁ ቁጥር ሁለቱ አክስሎች ይጣላሉ። መሃል ላይ ያለው የማከፋፈያ ሳጥን ነው የሚሰበረው።

8. መካኒኩን በአንድ ጥያቄ ምረጡት

"በኮሮናውና በፒኞኑ መሃል ያለውን ክፍተት በምን ትለካለህ?" በሉት። መልሱ የሰዓት መለኪያ መሆን አለበት፤ ሰዓት የሚመስለው፣ የሚሊ ሜትር መቶኛ የሚያነበው ማለቴ ነው። ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ በ0.15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው በመኪናችሁ መመሪያ ላይ አለ። "በእጄ አውቀዋለሁ" ካለ፣ ለሌላ ሥራ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ግን አመስግናችሁ ውጡ። ክፍተቱ ከጠበበ ይግላል፣ ከሰፋ ይንጫጫል፣ ሁለቱም ኮሮናውን ይበላሉ።

ሲፈታ ኩሽኔታዎቹንም አብሮ መቀየር ነው። ለኩሽኔታ ቆጥቦ እንደገና ማስፈታት ያስቆጫል። የአየሩ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ማብሪያው ልጅ የማይነካው ቦታ ይሁን። ዘይቱ መመሪያው የሚያዘው ይሁን፤ ለብዙዎቹ 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-90 ጂኤል-5 ነው። ከመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይሩት። ሲወጣ የብረት ብናኝ ብታዩ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ ላይ ያለ ነው። ቁራጭ ብረት ካያችሁ ግን ወዲያው ወደ መካኒኩ።

9. አጠቃቀሙን ሜዳ ላይ ተለማመዱ

ሎክ የሚገባው ከመቆማችሁ በፊት ነው። ቦዩ ሲታያችሁ ቆም በሉ ወይም በዳዴ ሂዱ፣ ቆልፉ፣ መብራቱ ይርጋ፣ ከዚያ ግቡ። ጎማው እየተሽከረከረ ማብሪያውን መንካት ጥርሱን መስበር ነው። ከተቆለፈ በኋላ ሩጫ የለም፤ እኔ ከሰው እርምጃ ብዙም አላልፍም።

ጠንካራ መሬት ላይ እንደወጣችሁ ክፈቱት። አንዳንዴ ማብሪያው ጠፍቶ እንኳ መብራቱ አይጠፋም። አክስሉ ተጠምዝዞ ሎኩን ነክሶ ይዞታል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ፣ ይለቃል። መብራቱ ሳይጠፋ አስፋልት ላይ አትውጡ።

እኔ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠጠር ላይ አንዴ ቆልፌ እከፍተዋለሁ፣ እንዳይደርቅ። ወንዝ ከተሻገርኩ በማግሥቱ ደግሞ የዲፈረንሻሉን የመሙያ ቡሎን ፈትቼ በጣቴ ዘይቱን አያለሁ። ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ያን ቀን ሐረጎን አልወርድም፤ ቀጥታ ዘይት ቅየራ ነው።